«ሙያ ይልመድ ብዬ ነው» — የአንባቢያን የሕግ ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለሚሠሩ ልጆች ናቸው። ስድስቱን መርጠን ሰዎቹን የሚያሳውቀውን ነገር አውጥተን አቅርበናል። ከታች «የሥራ ሕጉ» ስንል አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በመጪው ጥቅምት 15 ዓመት ይሞላዋል። ስምንተኛ ክፍልን ተፈትኖ ጨርሷል። ክረምቱን ከጓደኛ ጋር ሲዞር ከሚውል ብዬ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት ያለው የአክስቴ ልጅ ዘንድ ልልከው አስቤአለሁ። «ደመወዝ የለውም፤ ምሳና ሻይ ከእኔ ነው፣ ሙያ ይለምዳል» ብሎኛል። ሕግ ይከለክላል እንዴ?
— እናት፣ ከሰኞ ገበያ

መልስ፦ አዎ እናታችን፣ ይከለክላል። አንዱ ምክንያት ዕድሜው ነው፣ ሌላው ሥራው።

ከዕድሜው እንጀምር። የሥራ ሕጉ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ብዙ ሰው 14 ነው የሚለው አላጠፋም፤ በቀድሞው አዋጅ 377/1996 ቁጥሩ 14 ነበር፣ በ2011 ዓ.ም. 15 ሆነ። «ሦስት ወር ብቻ ነው የቀረው» የሚባል ነገር የለም። አሠሪው የአክስት ልጅ መሆኑም ለውጥ አያመጣም። ሕጉ የሚያየው ሥራው በማን ትእዛዝና ለማን ጥቅም እንደሚሠራ ነው፤ ዝምድና አይቆጥርም።

«ሙያ ይለምዳል» የሚለው ደግሞ በከተሞቻችን ከሁሉ የሚዘወተረው ቃል ነው፤ በቅን ልብ እንደሚባልም እናውቃለን። ሙያ መልመድን ሕጉም ያውቀዋል፣ የራሱ ውልም አለው። ለማጁ ቢያንስ 15 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ የሚለመደው ሙያ ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ፣ ለማጁ ምን እንደሚከፈለውና የሥራው ሁኔታ ምን እንደሚመስል ይጻፍበታል። ጉዳዩ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ያጸድቀዋል፤ በእናንተ አካባቢ ሥራና ስልጠና መምሪያ ማለት ነው። ልምምዱ ሲያልቅ አሠሪው የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ይህ ወረቀት ከሌለ ልጁ ለማጅ አይባልም፣ ያልተከፈለው ሠራተኛ ነው። አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ጎማ ሲፈታ ኖሮ ሌላ ጋራዥ ሄዶ «ምን ትችላለህ?» ሲባል የሚያሳየው ቁራጭ ወረቀት አጥቶ እንደገና ከሻይ ማመላለስ የሚጀምረው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጎማው። በኮምቦልቻ መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ከቤት መኪና ይልቅ የሚውለው ከጭነት መኪና ጋር ነው። የቤት መኪና ጎማ በ30 እና በ35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) መካከል ይነፋል፤ የከባድ መኪና ጎማ ግን ከ100 ፒኤስአይ ያልፋል። ብዙዎቹ ቸርኬዎች ደግሞ ባለ ቀለበት ናቸው። ጎማውን ቸርኬው ላይ የሚይዘው ለብቻው የሚገባ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ የዛገ፣ የተጣመመ፣ ወይም በመዶሻ እየተመታ በትክክል ሳይቀመጥ የቀረ ከሆነ አየሩ ሲሞላ ተወንጭፎ ይወጣል። ጉዳት የሚደርሰው በአብዛኛው አየር ሲነፋ ነው፤ ያኔ ከፊት ለፊት ቆሞ ወይም ጎማው ላይ ተቀምጦ የኮምፕረሰሩን ቱቦ አፍ በእጁ የሚይዘው ማን ነው? «አንተ ያዝልኝ» የሚባለው ትንሹ ልጅ ነው። በደንቡ ጎማው የብረት ፍርግርግ ውስጥ ገብቶ፣ ቱቦው በመቆንጠጫ ተይዞ፣ ነፊው ረዘም ባለ ቱቦ ከጎን ርቆ ቆሞ መነፋት ነበረበት። ፍርግርግ ያለው ጎሚስታ ቤት ካዩ ይንገሩን፣ እናደንቀዋለን።

ክሪኩም አለ። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ደግፎ ለማቆየት አልተሠራም። አፈር ላይ ወይም ቀጭን ጣውላ ላይ ሲቆም ይሰምጣል፣ ይንሸራተታል፤ መኪናው ሥር ተኝቶ ቡሎን የሚፈታው ደግሞ ቀጭን ስለሆነ የሚገባው ልጅ ነው። ካላማደሪያ የሚለጠፍበት ማስቲሽም ሽታው ራስ ያዞራል፤ በር በተዘጋ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማሽተት ለማንም ጥሩ አይደለም፣ ለልጅ ግን ይብሳል፤ የአንዳንዱ ልጅ ሱስም ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ልጅዎ ጥቅምት ላይ 15 ቢሞላውም ይህ ሥራ አይፈቀድለትም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ሠራተኛ ሕጉ «ወጣት ሠራተኛ» ይለዋል፤ ሕይወቱን ወይም ጤናውን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ ላይ ማሰማራት ክልክል ነው።

መኪና የሚወድ ከሆነ በር አልተዘጋም። ከአደገኛ ሥራ ክልከላው ውጭ የተደረገው በቴክኒክና ሙያ ተቋም ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ፣ በአሠልጣኝ ቁጥጥር የሚደረግ ልምምድ ነው። እዚያ ክሪክ ሲያነሳ ከአጠገቡ የሚቆም፣ ሲጨርስም ብቃቱን የሚመዝን ሰው አለ። ለዚህ ክረምት ግን ዘመድዎ ዘንድ መላክ ካለብዎት እንደ እንግዳ ይሂድ፤ ምሳውን ይብላ፣ ይይ፣ ይጠይቅ፤ መፍቻ ግን አይያዝ።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው። ደሴ ዳቦ ቤት እሠራለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገብቼ ከጠዋቱ 5 ሰዓት እወጣለሁ። እሑድም እገባለሁ። ትርፍ ሰዓት ብዬ ስጠይቅ ባለቤቱ «አንቺ ሕፃን ስለሆንሽ ለሕፃን ትርፍ ሰዓት በሕግ ክልክል ነው፣ የለም» አለኝ። ውል አልፈረምኩም። አምስተኛ ወሬ ነው።
— የዳቦ ቤቷ

መልስ፦ እህታችን፣ ባለቤቱ ሕጉን አንብቦታል፤ ያነበበው ግን ለእሱ እንዲመቸው ነው። ክልከላው የተጻፈው ለእሱ ነው። ወጣት ሠራተኛን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል ማሠራት አይችልም። አንቺ የነገርሽን እነዚህን አብዛኞቹን አንድ ላይ የጣሰ ነው። ከሌሊቱ 8 እስከ ጠዋቱ 12 ያለው 4 ሰዓት ሙሉ በሙሉ ክልክል ነው። አጠቃላዩ 9 ሰዓት ስለሆነ ከ7 ሰዓት ገደቡ በ2 ይበልጣል። እሑድ ሲጨመር ደግሞ የሳምንት ዕረፍት የለሽም። በእኛ እይታ አንቺን ለመጠበቅ የወጣን ክልከላ ያፈረሰ ሰው ያንኑ ክልከላ ላለመክፈል ምክንያት ሊያደርገው አይገባም። የተሠራ ሥራ ይከፈላል።

ስንት? የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ የመደበኛው ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ለተሠራ 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በበዓል ቀን 2.5 እጥፍ ነው። ደመወዝሽን ስላልጻፍሽልን ለስሌት የሚመች ቁጥር እንውሰድ፦ በወር 3640 ብር። 26 የሥራ ቀን በ7 ሰዓት ሲባዛ 182 ሰዓት ነው፤ 3640 ለ182 ሲካፈል ሰዓቱ 20 ብር ይሆናል። ትርፍ የሆነው ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ያለው 2 ሰዓት ነው፤ 20 በ1.5 ሲባዛ 30፣ በ2 ሰዓት 60 ብር በቀን። በ26 ቀን 1560 ብር። አንድ እሑድ ደግሞ 9 ሰዓት በ40 ብር 360 ብር ነው። የራስሽን ደመወዝ በ3640 ቦታ አስገቢና አስይው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ከ7ቱ ሰዓት ውስጥ በሌሊት የዋለው 4 ሰዓት ክልክል ቢሆንም «ትርፍ» አይደለም፤ እሱን ለብቻው በ1.75 ብታስቢ ክርክሩ ላይ ትዳከሚያለሽ። ጠንካራውን ያዥ።

አለመፈረምሽ መብትሽን አያሳጣሽም። የጽሑፍ ውል ከሌለ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ መስጠት ነበረበት፤ ባይሰጥም የሥራ ግንኙነቱ አለ። ቸኩዪ የምንልሽ ግን በጊዜ ነው። ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ መጠየቅ የሚቻለው መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ነው። የኅዳር ክፍያ ግንቦት ሲያልቅ ይቃጠላል፣ የታኅሣሥ በሰኔ። «ሲያስወጣኝ እጠይቀዋለሁ» ብላ የቆየች ልጅ የምትጠይቀው የመጨረሻውን ግማሽ ዓመት ብቻ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዢ፦ ቀኑ፣ የገባሽበት ሰዓት፣ የወጣሽበት፣ አብሮሽ የነበረው ሰው። ደመወዝ በባንክ ወይም በቴሌብር ከሆነ መልእክቶቹን አታጥፊ፤ በእጅ ከሆነ የተቀበልሽበትን ቀንና መጠን ጻፊ። የዳቦ አከፋፋዩ፣ የዘበኛው፣ ጠዋት የሚረከብሽ ባለ ሱቅ ምስክርነት ከወረቀት አያንስም። ከወላጅሽ ወይም ከአሳዳጊሽ ጋር ሆነሽ ሥራና ስልጠና መምሪያ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ክፍል በጽሑፍ አመልክቺ፤ በሁለት ቅጂ። በአንደኛው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና ቀን አስመትተሽ ያዢው። ያ ማኅተም ጊዜውን ያቆመዋል፤ አቤቱታው ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ የይርጋው ቆጠራ ይቋረጣል። በቃል «ነግሬአቸው ነበር» ማለት ግን ምንም አያቆምም። ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ሳያሳውቅ መግባት፣ ሠራተኛውን መጠየቅና መዝገብ ማየት ይችላል፤ የጠቆመውን ሰው ማንነት ለአሠሪው እንዳይገልጽም ታዟል። እዚያ ካልተፈታ ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፈልበትም።

ሊጥ ማቡኪያው ማሽን አጠገብ የምትሠሪ ከሆነ እጅጌሽን ሰብስቢ፣ ነጠላና ሻርፕ አውልቂ። ማሽኑ ሳይቆም ሊጥ በእጅ አይጠረግም።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ የወንድም ልጅ ከለጋምቦ መጥታ ከእኛ ጋር ናት፣ 13 ዓመቷ ነው። ትበላለች፣ ትለብሳለች፣ የማታ እናስተምራታለን። ልጅ ትይዛለች፣ ቤት ታያለች። ጎረቤት «ሕፃን አሠርታችሁ ትጠየቃላችሁ» ይለናል። ዘመዳችን እኮ ናት።
— አባወራ፣ ከደሴ

መልስ፦ ጎረቤትዎ የያዘው ነገር አለ፣ እርስዎም የያዙት አለ። የሥራ ሕጉ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን፣ ከራሱ ወሰን ውጭ ትቶታል። ስለ 7 ሰዓትና ስለ ሌሊት ሥራ የጻፍነው በቀጥታ እርስዎ ቤት አይገባም። ይህ የሕጉ ትልቅ ቀዳዳ ነው፤ ለመናገር አናፍርም፤ ከገጠር ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የሚመጡ ብዙ ልጃገረዶች የሚሠሩት እዚሁ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

ግን ቀዳዳው ባዶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃን ጉልበቱን ከሚበዘብዝ ልማድ እንዲጠበቅ፣ ለትምህርቱ፣ ለጤናውና ለደኅንነቱ የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይደነግጋል። ሕፃን ማለት 18 ያልሞላው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሠራተኛውን በቤቱ የሚያኖር አሠሪ የመኝታውን፣ የምግቡን፣ የሥራና የዕረፍቱን ጊዜ ጤናንና ሥነ ምግባርን በሚጠብቅ መንገድ እንዲያሰናዳ ያስገድዳል። አዋጅ 1178/2012 ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ልጅን ለጉልበት ብዝበዛ መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም ማስጠለል በሰው መነገድ ሊሆን ይችላል፤ የተጎዳው ሕፃን ሲሆን ማታለል ወይም ማስገደድ እንደነበረ ማሳየት አያስፈልግም፣ የወላጅ ፈቃድም መከላከያ አይሆንም።

እርስዎ በየትኛው በኩል እንዳሉ ለማወቅ አዋጅ አያስፈልግዎትም። ልጆች አለዎት? የእርስዎ ልጅ በ13 ዓመቱ የሚማረው ቀን ነው ወይስ ማታ? እሷ የምትተኛው ከእነሱ ጋር ነው ወይስ ወጥ ቤት? ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ የሚነሳው ማን ነው? ለእናቷ በስልክ ስታወራ ብቻዋን ትሆናለች? «ወደ ቤቴ» ብትል ነገ ትሳፈራለች? «የማታ እናስተምራታለን» ያሉት እዚህ ላይ ይቆረቁረናል። 13 ዓመት ልጅ ከንጋት ጀምሮ ቆማ ውላ ማታ ጠረጴዛ ላይ የምታደርገው እንቅልፍ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ «ትምህርት አይገባትም» ይባላል።

የሚያስተካክሉት ደግሞ ከባድ አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ የቀን ትምህርት ያስገቧት፤ የትምህርት መረጃዋን ከነበረችበት ትምህርት ቤት ያስመጡ። የቤት ሥራ እንደ ማንኛውም የቤት ልጅ ታግዝ፤ ሕፃን ጠባቂነቱን ግን ለትልቅ ሰው ይስጡ፣ ይክፈሉትም። አዋቂ ለመቅጠር አቅም የለም የሚሉ ከሆነ ይህቺ ልጅ በእርስዎ ቤት የያዘችው የማንን ቦታ እንደሆነ መልሱን ራስዎ ሰጥተዋል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የእንጨት ሥራ ድርጅት አለኝ፣ 11 ሠራተኛ። ልጆች ሲመጡ «18 ሞልቶኛል» የሚል ወረቀት ይዘው ነው፤ ፊታቸው ግን አይመስልም። እንዴት ላረጋግጥ? ከሠራ በኋላ ባውቅስ?
— ባለ ድርጅት

መልስ፦ ፊት አይታመንም፤ ሲርበው የኖረ የ18 ዓመት ልጅ 15 ይመስላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው የልደት ምስክር ወረቀት ነው፣ ዋናው እንጂ ኮፒው አይደለም። ችግሩ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው ልጅ ወረቀቱን ያወጣው ዘግይቶ ነው፣ አንዳንዱም ለሥራ ሲል በዚያ ሳምንት ነው። የወጣበትን ቀን ይዩ። ወረቀቱ የወጣው ሐሙስ ሆኖ ልጁ እርስዎ ጋ የመጣው ዓርብ ከሆነ ሌላ ማስረጃ ይጨምሩ፦ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ ከሁሉ ይልቅ የትምህርት ቤት መረጃ። አንደኛ ክፍል የገባበት ዓመትና የስምንተኛ ክፍል ፈተና ካርዱ ዕድሜን ለመደበቅ ያስቸግራሉ። ራጅ ያስነሱት የሚሉ አሉ። የእጅ አንጓ ራጅ ግምት ብቻ ይሰጣል፣ በ18 አካባቢ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ ሁለት ዓመት ሊስት ይችላል፤ ለፖሊስ ምርመራ እንጂ ለቅጥር አይመከርም።

ያዩትን ማስረጃ ቅጂ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ፋይል ያስቀምጡ። ከ18 በታች ላሉት የተለየ መዝገብ ይክፈቱ፣ የትውልድ ቀን፣ የሥራ ዓይነትና የመግቢያና መውጫ ሰዓት ይጻፍበት። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይህ መዝገብ ከማንኛውም ማስተባበያ ይበልጣል።

ካወቁ በኋላ ነገሩ በዕድሜው ይለያያል። 15 ያልሞላው ከሆነ መቀጠል አይችልም፤ ዛሬውኑ ያቁሙት፤ የሠራበትን ደመወዝ ግን ሙሉ ይክፈሉት። ሥራ ሲቋረጥ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ነው፤ ቢዘገይ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጫ ሊጨምርብዎት ይችላል። ደመወዙ የሚሰጠው ለእሱ ወይም እሱ ለወከለው ሰው ነው፤ ላመጣው ደላላ አይደለም። ማታ ከግቢ አውጥተው መንገድ ላይ አይተዉት፤ ወላጁን ይጥሩ፣ ከሌለም ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ ያሳውቁ። 16 ወይም 17 ከሆነ ከመጋዝና ከመላጊያ ማሽን ያርቁት። ጣት የሚቆርጠው ማሽን ነው፤ ትንሽ ቁራጭ እንጨት በመግፊያ ዱላ ሳይሆን በእጅ ሲገፋ፣ ወይም መከላከያው «ያስቸግራል» ተብሎ ሲነቀል። ቫርኒሽና ቲነር የሚረጭበት ክፍልም ለእሱ አይደለም። ልኬት፣ ቆጠራ፣ ማሸግ፣ ማስረከብ ይሥራ፤ በቀን 7 ሰዓት፣ ያለ ትርፍ ሰዓት። በነገራችን ላይ ማሽን ላይ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ ቢጎዳ «ጥንቃቄ አላደረገም» የሚለው ብዙ አያድንዎትም፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ሰኞ ሰኞ ከክፍሌ ስምንት ዘጠኝ ልጅ ይቀራል፤ ገበያ ላይ ሸክም ይሸከማሉ፣ ፌስታልና ቆሎ ይሸጣሉ። አሠሪ የላቸውም። ሕግ ለእነዚህስ?
— ከደሴ

መልስ፦ የሥራ ሕጉ ሥራው የሚጀምረው አሠሪና ሠራተኛ ሲኖሩ ነው። በራሱ ቆሎ ለሚሸጥ ልጅ የሚከሰስ አሠሪ የለም፤ ልጁን ራሱን ማሳደድ ደግሞ ከገበያው ጎን ወደማይታይ ቦታ መግፋት ነው። ሸክሙ ግን ይለያል። እህል በረንዳ ላይ አንድ ነጋዴ ሁልጊዜ የሚጠራቸው፣ በጆንያ የሚከፍላቸው ልጆች ከሆኑ አሠሪ አላቸው፤ ከባድ ማንሳት፣ መጎተትና መግፋት በአዋጁ በስም ከተጠቀሱት አደገኛ ሥራዎች ውስጥ ነው። ቁጥጥር ክፍሉን ወደ ነጋዴው እንጂ ወደ ልጆቹ አይምሩት። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ የሚያድግበት ጫፍ ገና ለስላሳ ስለሆነ ጆንያ በጀርባና በአንገት የሚጎዳው ከአዋቂው የተለየ ነው።

ከእርስዎ በኩል የሚሠራው የስም መጥሪያ ነው። «ቀሪ» ብቻ ሳይሆን የሳምንቱን ቀን ይመዝግቡ። አንድ ወር ከያዙ በኋላ የሰኞ ልጆችና ዝም ብለው የሚቀሩ ልጆች ይለያያሉ። የሰኞዎቹን ወላጅ በጅምላ ስብሰባ አይጥሩ፤ አንድ በአንድ፣ ማክሰኞ። ጥያቄውም «ለምን ታስቀራለህ?» አይሁን፤ «ሰኞ የሚያመጣው ብር የምንድነው?» ይሁን። የደብተር ከሆነ ትምህርት ቤቱ ሊፈታው ይችላል፣ የቤት ኪራይ ከሆነ ለማኅበራዊ ጉዳይ የሚላክ ነው። በፈረቃ የምታስተምሩ ከሆነ እነዚያን ልጆች ገበያው ከሚሞላበት ሰዓት ጋር ወደማይጋጭ ፈረቃ ማዛወር ብዙ ጊዜ ከምክር ይበልጣል። ሰኞን የፈተና ቀን አያድርጉ።

ጥያቄ፦ እህቴ 16 ዓመቷ ነው። አንድ ደላላ ፓስፖርት ላይ 22 አስብሎ ዓረብ አገር እልካታለሁ ይላል። ለቤተሰቡ 30 ሺህ ብር ቅድሚያ ሰጥቷል። እሷም እሺ ብላለች።
— ወንድም፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እሺ ማለቷ አይቆጠርም። ለውጭ አገር ሥራ ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ነው፤ ይህ በአዋጅ 923/2008 ያለ ነው፣ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲም ቢሆን ከዚያ በታች መላክ አይችልም። ደላላ ቅድሚያ ብር የሚሰጠው ለችሮታ አይደለም፤ ያ ገንዘብ ስትሄድ ዕዳ ይሆናል፣ ዕዳው ደግሞ «ልመለስ» የምትልበትን ቀን ይገፋዋል። ዕድሜ ያስጨመረ ፓስፖርትም እዚያ ስትደርስ ይጎዳታል፤ በደል ደርሶባት «ሕፃን ነኝ» ብትል ሰነዷ ይክዳታል። በአየር መሄዱ ሲከሽፍ ደላሎች መንገዱን በባቲ ወደ አፋር፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲና በባሕር ወደ የመን ያዞሩታል። በዚያ መንገድ ላይ ሴት ልጅ የምትጠበቅበት ምንም ነገር የለም።

ብሩ ሳይነካ ይቀመጥ። የደላላውን ስልክ ቁጥር፣ የላከውን መልእክትና የድምፅ ቅጂ፣ ገንዘቡ የገባበትን የባንክ ደረሰኝ አያጥፉ፤ ከእሱ ጋር መጨቃጨቅም ይቅር፣ ቁጥሩን ቀይሮ ይጠፋል። የእህትዎን እውነተኛ የልደት ወይም የትምህርት ማስረጃ ይዘው ለከተማው ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ምርመራ ክፍል ያመልክቱ፣ የመዝገብ ቁጥር ይቀበሉ። ፓስፖርቱ በደላላው እጅ ከሆነ ያንኑ በማመልከቻው ላይ ያስጽፉ። ለእሷም ከሁሉ በፊት ክስ እንደማይመሠረትባት ይንገሯት፤ ብዙዎቹ ልጆች ቃላቸውን የማይሰጡት እታሰራለሁ ብለው ነው።